የመንዝ በግ ግጦሽና የዘሩ አጠባበቅ

በበዓል ዋዜማ በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ ገበያ ነጋዴ አስቀድሞ የሚመርጠው ፈጥኖ ያደገውንና ቁመናው ያማረውን ጠቦት ነው። ባለበጉም ገንዘብ ስለሚያስፈልገው ይሸጠዋል። በመንጋው ውስጥ የሚቀረው ገዥ ያላገኘው ቀጫጫ ይሆናል፤ የሚመጣው ዓመት ግልገሎች አባትም እርሱ ነው። ይህ ልማድ ሲደጋገም በጉ በየትውልዱ እያነሰ ስለሚሄድ፣ ጉዳቱ ከባለበጉ አልፎ ሥጋውን፣ ቆዳውንና ለባናና ለዝተት የሚሆነውን ጠጉር ለሚነግደው ሁሉ ይተርፋል።

መንጋን ለማሻሻል ሁለት ነገሮች አብረው ሊታሰቡ ይገባል። እነርሱም ግጦሽና ዘር ናቸው።

ስለ ግጦሽ የመንዝ አባቶች የተዉት ትምህርት አለ። በመንዝ ጌራ የሚገኘውና 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጓሳ ምድር በቄሮ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠበቅ ኖሯል። ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች ትእዛዝ ምድሩ እስከ 3 ወይም 5 ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና በመጀመሪያ ለቤት ክዳን ይታጨዳል፤ ከዚያ ከብት ይገባበታል፤ ክረምት ሲቃረብም ተመልሶ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ አዲስ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ በጓሳ የሚኖሩት በዚሁ ጥበቃ ነው።

ጥቂት መሬት ያለውም ሰው ይህንኑ በአነስተኛ መጠን ሊሠራበት ይችላል። ማሰማሪያውን ከፋፍሎ አንዱን ሲያስግጥ ሌላውን ያሳርፋል፤ የበጎቹንም ቁጥር በበጋ በሚገኘው መኖ ይወስናል፤ ትርፉንም ሳይከሱ አስቀድሞ ይሸጣል። ግጦሽ እንደ ነጋዴ ዋና ገንዘብ ነው፤ ትርፉ ይበላል እንጂ ዋናው አይነካም።

ስለ ዘር ደግሞ፣ አንዲት እናት በግ በሕይወቷ የምትወልደው ጥቂት ሲሆን፣ አንድ አውራ ግን የብዙ ግልገሎች አባት ይሆናል። ስለዚህ መንጋ የሚሻሻለውም የሚበላሸውም በአውራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ የተጀመረው የበግ ማሻሻያ ሥራ የተመሠረተው በዚሁ ነው። የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ከኢካርዳና ከሌሎች ተቋማት ጋር በመተባበር የግልገሎች ክብደት እንዲመዘገብ አደረገ። ባለበጎቹም የተመዘገበውንና መልኩን አይተው አውራዎችን በራሳቸው ኮሚቴ መረጡ፤ የተመረጡትንም በኅብረት ተጠቀሙባቸው።

ያልተመረጡት ጠቦቶች ለአቅመ ርቢ ሳይደርሱ ሊሸጡ ወይም ተኮላሽተው ሙክት ሊሆኑ ይገባል። መንጋዎች በወል ማሰማሪያ ስለሚደባለቁ፣ የአንዱ ጎረቤት ቸልተኝነት የሌላውን ድካም ያፈርሳል። አውራው ከገዛ ልጆቹ እንዳይራባም በጊዜው ከሌላ መንደር አውራ ጋር መለዋወጥ ያስፈልጋል።

ነጋዴውም በዚህ ሥራ ድርሻ አለው። ሙክቱን በሚገባው ዋጋ ቢገዛ፣ የተመረጠውንም አውራ ዘሩን ከተካ በኋላ እንዲወስድ አስቀድሞ ቢዋዋል፣ ባለበጉ ገንዘቡን ሳያጣ ዘሩ በአገሩ ይቀራል። ዛሬ የሚታገሠው ነጋዴ ለከርሞ ገበያ የሚሆነውን በግ ያተርፋል።