የኬብል ወይስ የሳተላይት መቅጃ? የቤት ቴሌቪዥን መቅጃ አመራረጥ

የዲጂታል መቅጃ ሥራ

ዲጂታል የቪዲዮ መቅጃ፣ በአጭር አጠራሩ ዲቪአር፣ የቴሌቪዥን ሥርጭትን ተቀብሎ በሃርድ ዲስክ (መረጃን በቋሚነት በሚይዝ የኮምፒውተር ማከማቻ) ላይ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው። ቀደም ሲል ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው የቪዲዮ ካሴት ነው። የካሴት ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ በተርታ የሚሄድ በመሆኑ እየቀዳ ያለ ካሴት የቀዳውን መልሶ ማሳየት አይችልም። ሃርድ ዲስክ ግን አዲሱን እየጻፈ የቀድሞውን ማንበብ ይችላል። የዲቪአር ዋና ዋና ጥቅሞች የሚመነጩት ከዚህ ባሕርይ ነው።

በቀጥታ የሚተላለፍ የእግር ኳስ ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ20ኛው ደቂቃ ላይ በሪሞት ማቆሚያው ሲጫን የሚቆመው ምስሉ እንጂ ሥርጭቱ አይደለም። መቅጃው የሚመጣውን ሁሉ በዲስኩ ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጨዋታው እንዲቀጥል ሲደረግ ተመልካቹ 20ኛውን ደቂቃ ያያል፤ መሣሪያው ግን በዚያው ቅጽበት 30ኛውን ደቂቃ እየጻፈ ነው። ማስታወቂያን አልፎ መሄድ የሚቻለውም በሚታየውና በሚጻፈው መካከል እንዲህ ያለ ክፍተት ሲኖር ብቻ ነው።

መሣሪያው ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ሲሆን፣ ቀዳሚዎቹ ቲቮ እና ሪፕሌይ ቲቪ ይባሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሳተላይትና የኬብል ድርጅቶች መቅጃውን በራሳቸው ሳጥን ውስጥ አካተው ለደንበኞቻቸው ማቅረብ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ መቅጃ መምረጥ አገልግሎት ሰጪውን ከመምረጥ ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ አልሆነም።

ሥርጭቱ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ

የኬብል ቴሌቪዥን ከድርጅቱ ማዕከል ተነሥቶ በፋይበርና በኮአክሲያል ገመድ (መሐሉ ላይ የመዳብ ሽቦ ያለው፣ ዙሪያው በመከላከያ የተሸፈነ ገመድ) ወደ ቤት ይገባል። መስመሩ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ሥርጭቱ ወደ ቤት ሲመጣ ከቤት ደግሞ ትእዛዝ ወደ ማዕከሉ ይሄዳል። አንድ ፊልም በተፈለገ ሰዓት ከማዕከሉ እንዲላክ ማዘዝ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሳተላይት ሥርጭት የሚመጣው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከሚገኝ ሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ሲታይ በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፤ ዲሹም አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ መንቀሳቀስ አያስፈልገውም። በዲሹ ፊት ያለው ኤልኤንቢ (ሲግናሉን ተቀብሎ በገመድ ለመጓዝ ወደሚመች ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚቀይር ዕቃ) ሥርጭቱን ወደ ሳጥኑ ያስተላልፋል። መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ በመሆኑ በትእዛዝ የሚመጡ ፊልሞችን ለማግኘት የኢንተርኔት መስመር በተጨማሪ ያስፈልጋል።

መቅጃው የሚያስቀምጠው በእነዚህ መንገዶች የደረሰውን ብቻ ነው። ሮቶ ከቧንቧው ያልመጣ ውኃ እንደማይዝ ሁሉ፣ ዲስኩ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን መስመሩ ያላደረሰውን ምስል አይይዝም። ስለዚህ የሁለቱ መቅጃዎች ንጽጽር በአመዛኙ የሁለቱ መስመሮች ንጽጽር ነው።

የምስል ጥራትና የዲስክ መጠን

በሳተላይት የሚመጣው ሥርጭት ከምንጩ ዲጂታልና የታመቀ (ምስሉ ብዙ ሳይጎዳ መጠኑ የተቀነሰ) ነው። የሳተላይት መቅጃ ይህን እንደመጣ በዲስኩ ላይ ስለሚጽፈው ቀረጻው ከሥርጭቱ ጋር እኩል ጥራት አለው። ቀደም ባሉት ዓመታት ግን ኬብል ብዙ የአናሎግ ቻናሎች ነበሩት፤ መቅጃው ራሱ ወደ ዲጂታል ቀይሮ ሲያምቃቸው ጥራት ይቀንስ ነበር። ኬብልም ወደ ዲጂታል ከተሸጋገረ በኋላ ይህ ልዩነት ትርጉሙን አጥቷል።

አሁን ጥራቱን የሚወስነው ድርጅቱ ለአንድ ቻናል የሚመድበው የመረጃ ፍጥነት ነው፤ የዲስኩ አገልግሎትም ከዚሁ ይሰላል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚፈስ መደበኛ ጥራት ያለው ቻናል በሰዓት 0.9 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚፈስ የከፍተኛ ጥራት (ኤችዲ) ቻናል ደግሞ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። በዚህ ስሌት 1,000 ጊጋባይት ያለው ዲስክ የመጀመሪያውን ከ1,100 ሰዓት በላይ፣ ሁለተኛውን ወደ 277 ሰዓት ይይዛል። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የሰዓት ብዛት በየትኛው ጥራት እንደተሰላ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በአንድ ጊዜ የሚቀዱ ቻናሎች ብዛት

ቲዩነር ከሚመጡት ብዙ ሥርጭቶች አንዱን መርጦ የሚይዝ የሳጥኑ ክፍል ነው። አንድ ቲዩነር ብቻ ያለው መቅጃ አንዱን ቻናል ሲቀዳ በአብዛኛው ሌላ ቻናል ማሳየት አይችልም። ሁለት ካሉት አንዱን እየቀዱ ሌላውን ማየት ይቻላል። ልጆች፣ ወላጆችና አያቶች በአንድ ቤት የሚኖሩ ከሆነ፣ ከዲስኩ ስፋት ይልቅ የቲዩነሩ ቁጥር ቶሎ ይታያል።

በኬብል በኩል ሁሉም ቻናሎች በአንድ ገመድ አብረው ስለሚመጡ ተጨማሪ ቲዩነር ተጨማሪ ገመድ አይጠይቅም። በሳተላይት ግን ኤልኤንቢው በአንድ ገመድ የሚያስገባው በተጠየቀበት ጊዜ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ ስለነበር፣ ሁለት ቲዩነር ሁለት ገመድ ይጠይቅ ነበር። ይህም ግድግዳ መብሳትንና የባለሙያ ክፍያን ይጨምር ነበር። በኋላ ብዙ ቲዩነሮችን በአንድ ገመድ የሚያገለግሉ ዕቃዎች መጡና ችግሩ ተቃለለ። ዲሽ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ሆፐር 3 የተሰኘ ሳጥን 16 ቲዩነሮች አሉት።

የአየር ጠባይና የመስመር ብልሽት

የሳተላይት ቴሌቪዥን የሚጠቀምበት ሞገድ በዝናብ ጠብታ ይዋጣል። ዶፍ ሲወርድ ምስሉ መጀመሪያ ይቆራረጣል፣ ከዚያም ይጠፋል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ይመለሳል። በዚያ ጊዜ እየተቀዳ የነበረ ፕሮግራም ክፍተት ይኖረዋል። በዲሹ ላይ የተከመረ በረዶና እያደገ የሚጋርድ ዛፍም ተመሳሳይ ጉዳት አላቸው።

ኬብልን ዝናቡ ራሱ ብዙ አይነካውም። ሆኖም ገመዱ በቁፋሮ ሲቆረጥ ወይም በመንገዱ ላይ ያሉ ማጉያዎች ኃይል ሲያጡ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ሥርጭት ያጣል። በጥቅሉ የሳተላይት መቋረጥ አጭር ሆኖ ሊደጋገም ይችላል፤ የኬብል መቋረጥ ደግሞ ሲደርስ ረጅም ሊሆን ይችላል።

የተቀዳው ፕሮግራም ባለቤትነት

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ቤታማክስ በተባለው የቪዲዮ ካሴት መቅጃ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ሰው የቴሌቪዥን ፕሮግራምን ቆይቶ ለማየት በቤቱ መቅዳቱ የቅጂ መብትን እንደማይጥስ ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ በድርጅት ሳጥን ላይ ያለ ቀረጻ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ነው። ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ በኪራይ የሚሰጥ በመሆኑ ደንበኛው ሲያቋርጥና ሳጥኑን ሲመልስ ቀረጻው አብሮ ይሄዳል። በዚህ ረገድ የኬብልና የሳተላይት ሳጥኖች ብዙም አይለያዩም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከደመና መቅጃ (ቀረጻው በቤት ሳይሆን በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥበት ዘዴ) ጋር ነው። ኬብልቪዥን የተባለው የኬብል ድርጅት ይህን አገልግሎት ሲያቅድ የፕሮግራም ባለቤቶች ከሰሱት፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ለድርጅቱ ፈረደ። የደመና መቅጃ ጥቅሙ የዲስክ መበላሸት ቀረጻውን አለማጥፋቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ መስመሩ ሲቋረጥ የተቀዳውም አብሮ አለመገኘቱ ነው። በቤት ዲስክ ላይ ያለ ቀረጻ ግን ውጭ ዶፍ እየወረደም ቢሆን በአብዛኛው ይታያል።

የቤቱ አቀማመጥና ሙሉ ወጪ

በአሜሪካ ያለ ዲሽ ወደ ደቡብ የተከፈተ ሰማይ ይፈልጋል፤ ሳተላይቶቹ ያሉት በምድር ወገብ ላይ ነውና። በዋሽንግተን አካባቢ እንዳሉት ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በአፓርታማ ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ተከራይ በራሱ በረንዳ ላይ እስከ 1 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። የጋራ ጣሪያንና የውጭ ግድግዳን ግን አያካትትም። ስለዚህ በረንዳው ወደ ሰሜን የዞረ ቤት ፈቃድ እያለውም ሥርጭቱን ላያገኝ ይችላል።

ወጪን በወር ክፍያ ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። የሳጥን ኪራይ፣ የመቅጃ አገልግሎት ክፍያ፣ የእያንዳንዱ ተጨማሪ ቴሌቪዥን ክፍያና የመትከያ ዋጋ ተደምረው በ24 ወር መታየት አለባቸው። የመግቢያ ቅናሹ ሲያበቃ የሚከፈለው ዋጋና ውል ሳያልቅ ለማቋረጥ የሚጠየቀው ቅጣትም በስሌቱ ውስጥ ይገባሉ።

ኬብል በሌለበት አገር ያለው ምርጫ

በኢትዮጵያ የኬብል ቴሌቪዥን በቤቶች አልተስፋፋም፤ ዲሽ ግን በየጣሪያው አለ። የአገር ውስጥ ቻናሎች በምዕራብ 7 ዲግሪ ባለው ናይልሳት፣ በኋላም በምሥራቅ 57 ዲግሪ ባለው ኢትዮሳት በነጻ ሲታዩ ቆይተዋል። እዚህ ምርጫው የሚሆነው ሃርድ ዲስክ በውስጡ ባለው እንደ ዲኤስቲቪ ኤክስፕሎራ ባለ ሳጥንና ፍላሽ በሚሰካበት ተራ ሪሲቨር መካከል ነው።

ብዙዎቹ ሪሲቨሮች አንድ ቲዩነር ብቻ አላቸው። አንዱን ቻናል እየቀዱ ሌላ ማየት የሚቻለው ሁለቱ ቻናሎች በአንድ ትራንስፖንደር (ብዙ ቻናሎች ተጣምረው በሚመጡበት አንድ ፍሪኩዌንሲ) ላይ ካሉ ነው። ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚፈስ የኤችዲ ጨዋታ ይህን መጠን ከአንድ ሰዓት በጥቂት ደቂቃ አልፎ ይሞላዋል። ፋይሉን በራሱ የማይከፋፍል ሪሲቨር ከሆነ ቀረጻው ሁለተኛው ግማሽ ሳያልቅ ይቆማል። መብራት ከጠፋም እንዲሁ ይቋረጣል።

የውሳኔው ቅደም ተከተል

ምርጫው መጀመር ያለበት ከመስመሩ ነው። ኬብል ወደ ሰፈሩ ካልደረሰ ወይም ሰማዩ በሕንፃና በዛፍ ከተጋረደ ከሁለቱ አንዱ ገና ከመነሻው ይወጣል። ሁለቱም የሚቻሉ ከሆነ የቤተሰቡ አባላት በአንድ ምሽት በተመሳሳይ ሰዓት የሚፈልጓቸው ፕሮግራሞች ተቆጥረው ከቲዩነሩ ብዛት ጋር ይመዛዘናሉ። ቀጥሎ ቀረጻው በቤት ወይም በደመና እንደሚቀመጥ ይጣራል። የ24 ወሩ ወጪ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ፣ ማለትም በሳጥኑ ማማርና በዲስኩ ስፋት መጀመር፣ ብዙ ሰው ለማይጠቀምበት ነገር እንዲከፍል ያደርጋል። የዲስኩ ስፋትና የሳጥኑ ገጽታ በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጡ ናቸው፤ መስመሩና ውሉ ግን ሳጥኑ እስኪመለስ ድረስ ከቤቱ ጋር ይቆያሉ።