ከተግባር ልምምድ ጉዞ በፊት አገርን ማጥናት፦ የብሩስ ዝግጅትና የጎንደር ሕክምና ክፍል

ለተግባር ልምምድ ወደ ባዕድ አገር የሚጓዝ ተማሪ አስቀድሞ ምን ማጥናት እንዳለበት ሲጠየቅ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ በቪዛ፣ በክትባትና በአየር ጠባይ ዝርዝር ያበቃል። ጎንደር ለዚህ ጥያቄ የቆየ ምሳሌ አላት።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በሊማሊሞና በወገራ በኩል አልፎ ጎንደር የገባው በ1770 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ዓረብኛና ግዕዝ አጥንቷል። በአልጀርስ ቆንስል በነበረበት ጊዜና በኋላም በሐለብ ጥቂት ሕክምና ተምሯል። በዘመኑ አውሮፓዊ ስለ ኢትዮጵያ ለማንበብ ቢፈልግ ዋና መነሻው የኢዮብ ሉዶልፍ መጻሕፍት ነበሩ። ሉዶልፍ ራሱ ኢትዮጵያን አላያትም፤ ያወቃት በ1652 እ.ኤ.አ. ጎታ ድረስ ከመጡት ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ ነው። እንግዲህ ብሩስ በመጽሐፍ ያገኘው ዕውቀት መሠረቱ የአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ቃል ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብን ቤተሰብ አመኔታ ያስገኘለት ከሁሉ በላይ ሕክምናው ነው። በከተማዪቱ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር የታመሙትን ልጆች እንዲያክም ተጠራ። ቋንቋው ደጁን አስከፈተለት፤ ያስቀመጠው ግን ሙያው ነው።

ዛሬ ወደ ጎንደር ለሕክምና ልምምድ የሚመጣ የውጭ ተማሪ ከብሩስ እጅግ የበለጠ መረጃ አለው። ሆኖም አደጋ የሚያስከትሉት ስሕተቶች የሚመነጩት ቀላል ከሚመስሉ ነገሮች ነው። «በሁለት ሰዓት» የተባለው መድኃኒት ጠዋት የሚሰጥ ሲሆን፣ እንግዳው ከቀትር በኋላ ሊያደርገው ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በ2014 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በ2017 ዓ.ም. የሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ዓመቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያነበበ ተለማማጅ ግን አሥራ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። የመድኃኒት መጠን በዕድሜ በሚወሰንበት ክፍል ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት «ከቁርስ ጋር» የተባለውን እንክብል መቼ እንደሚውጡትም መጠየቅ ያስፈልጋል። «አንቺ» ብሎ የሚጠይቅ ተለማማጅ ደግሞ እውነተኛውን መልስ ላያገኝ ይችላል።

ጥያቄው በራሱ አገሩን የሚያውቅ ሰው ጥያቄ መሆን አለበት። ለዚህም ከከተማዋ ወጥቶ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘውን ኮሶዬን መመልከት ይጠቅማል። ስሟ የሚያስታውሰውን የኮሶ ዛፍ ብሩስ በመጽሐፉ ገልጾታል፤ ሃጌኒያ አቢሲኒካ በሚለው ሳይንሳዊ ስም ላይ እስከ ዛሬ የእርሱ ስም ይጠቀሳል። የዛፉ አበባ የኮሶ ትል ማስወጫ ሆኖ ለዘመናት አገልግሏል፤ መጠኑ ሲያልፍም ይመርዛል። «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ተብለው የተጠየቁ የደጋ አዛውንት «ኧረ ምንም» ሊሉ ይችላሉ፤ ኮሶን ከመድኃኒት ቤት ከሚገዛው ጋር አይቆጥሩትምና። «ሰሞኑን ኮሶ ጠጥተዋል?» ተብለው ሲጠየቁ ግን ቀኑን ጭምር ይናገራሉ።