ልጁ ተሻለው፤ ቤቱስ?

አንድ ቤተሰብ በዓይነ ህሊናችን እንመልከት። የሰባት ዓመት ልጃቸው ለወራት ታሟል። ዛሬ ተቅማጥ፣ ነገ ሳንባ ምች፤ ክብደቱ አልቆ አጥንቱ ቀርቷል። በመጨረሻ ሆስፒታል ተኝቶ ሲመረመር ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ መኖሩ ታወቀና ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጀመረ። ወራት አልፈው ጉንጩ ሞላ፣ ኳስ ማባረር ጀመረ። ጎረቤቱም «እንኳን እግዚአብሔር ማረላችሁ» እያለ ገባ ወጣ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ደስታ መሃል የአሥራ ሰባት ዓመት እህቱ ኩርፊያ ላይ ናት። እናትየው ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር ከእንቅልፏ ትባንናለች። ልጁ ደግሞ «እኔ ድኜ የለ እንዴ? መድኃኒቱ ለምን አያልቅም?» እያለ ይጠይቃል።

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይባዛ ይገታዋል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያስወጣውም። ስለዚህ ልጁ ተሽሎታል፤ ቫይረሱ ግን ለቆት አልሄደም። «አሁንማ ወፍሯል» ተብሎ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፤ መድኃኒቱንም ሊላመደው ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የማያስበው ሌላም ነገር አለ። የሕጻናት መድኃኒት መጠን የሚወሰነው በክብደታቸው ነው። ልጁ ሲያገግምና ሲያድግ መጠኑ መስተካከል ስላለበት ቀጠሮ መዝለል አይገባም። ጠበል የሚሄድ ቤተሰብም መድኃኒቱን ማቆም የለበትም። አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነት ዘመናቸው በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናግረው ነበር።

ወደ እህትየው እንመለስ፤ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ በእሷ ቦታ ናችሁ። እናቷ ሆስፒታል ስታድር ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። እንጀራ ጋግራለች፣ ውሃ ቀድታለች፣ ከትምህርት ቀርታ ፈተና አምልጧታል። ያኔ ማንም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። አሁን ልጁ ሲድን ደግሞ ሁሉም እንድትስቅ ይጠብቃል። ቅናት ብቻ አይደለም ያለባት፤ ድካምም አለ፣ በመቅናቷ የሚሰማት ጸጸትም አለ። እንዲህ የሚሰማችሁ ካላችሁ ክፉ ሰው ሆናችሁ አይደለም። እናትና አባት ጋ በረጋ ሰዓት ቀርቦ «እማዬ፣ እኔም እኮ ደክሞኛል፤ ያመለጠኝን ትምህርት የማካክስበት ጊዜ ስጪኝ» ማለት ነውር የለውም። ኩርፊያውን ግን ልጁ ላይ መወጣት ልክ አይደለም። መታመሙን አልመረጠውም።

እህትየው ያልደፈረችው ሌላም ጥያቄ አለ፦ «እኔስ?» ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ማጥባት ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። መከላከያ ባልተወሰደበት ሁኔታ ከመቶ ከ15 እስከ 45 በሚሆኑት ሕጻናት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ አንዱ ልጅ ስላለበት ሁሉም አለባቸው ማለት አይደለም፤ እሷ ጤነኛ ስለመሰለች ነፃ ናት ማለትም አይደለም። አብሯቸው የተወለደ ሰው ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሊደርስ ይችላል። ወላጆችም እህትና ወንድሞችም መመርመር አለባቸው። በዚህ ጊዜ «ማን አመጣው?» የሚል ጭቅጭቅ ቤቱን ያፈርሰዋል። እናትየው አውቃ ለልጇ አላስተላለፈችበትም፤ ከሁሉም በላይ ራሷን የምትወቅሰውም እሷው ናት። እሷም መድኃኒቷን ጀምራ ጤነኛ ሆና ልጆቿን ማሳደግ ትችላለች።

ሳህኑን ለብቻ የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። አብሮ በመብላት፣ በአንድ አልጋ በመተኛት፣ በመሳሳም ወይም አብሮ በመጫወት ኤች አይ ቪ አይተላለፍም። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ተቃራኒው ነው፦ ልጁ እንዳይሮጥ፣ እንዳይቆጣ፣ እንዳይላክ ማድረግ። ያገገመ ልጅ ትምህርት ቤት ይሂድ፤ ሲያጠፋም እንደ እኩዮቹ ይገሠጽ። ሁሉ ነገር የሚፈቀድለት ልጅ «አሁንም ልሞት ነው መሰለኝ» ብሎ ሊያስብ ይችላል።

መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ማን ይንገረው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ስለ ራሳቸው ውጤት እንዲያውቁ፣ ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ እንደ ዕድሜያቸው ቀስ በቀስ እንዲነገራቸው ይመክራል። «ቫይታሚን ነው» የሚለው ውሸት ለጊዜው ያሳርፋል። ሆኖም ልጁ ማንበብ ሲችልና የዕቃውን ጽሑፍ ሲያይ፣ ወይም ከመንደር ልጅ ሲሰማ፣ ወላጆቹን ማመን ያቆማል። ለትንሽ ልጅ «በሰውነትህ ውስጥ የሚጠብቁህ ወታደሮች አሉ፤ ይህ መድኃኒት ያግዛቸዋል» ቢባል ውሸት አይደለም፤ ስሙ በኋላ ይጨመርበታል። እህት ወይም ወንድም ግን ወላጆችን ቀድሞ መናገር የለበትም። ልጁ ከጠየቃችሁ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከእማዬ ጋር ሆነን እንነጋገር» በሉትና ለእናታችሁ በዚያው ቀን ንገሯት። መናገር ከከበዳት የጤና ጣቢያው አማካሪ አብሯት ሊናገር ይችላል።

ለክበባችሁ መወያያ፦ በታሪኩ ያለችው እህት ጓደኛችሁ ብትሆንና ምስጢሩን ብታካፍላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ለማንስ አትናገሩም?