ከባለቤቴ ሴል ልጅ ማግኘት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የባለቤቴ ፈሳሽ ሲመረመር ዘር አልተገኘበትም። የሌላ ሰው ዘር አንፈልግም። እንደ በጓ ዶሊ ከእርሱ ሴል ብንወልድ ነውር ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፍላጎትዎ ነውር የለበትም፤ መንገዱ (ክሎኒንግ) ግን ለሚወለደው ልጅ አደገኛ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ከ277 ሙከራ የተሳካችው ዶሊ ብቻ ነበረች፤ በሌሎች እንስሳትም ብዙ ጽንስ ይጨነግፋል። ይህን አደጋ ፈቃዱን ባልተጠየቀ ሕፃን ላይ መጫን አይገባም። በዘረመል ደግሞ ልጁ የባለቤትዎ መንታ ነው የሚሆነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጤናው ነው።

በፈሳሹ ዘር አልታየም ማለት ከናካቴው የለም ማለት አይደለም፤ ቱቦው ተዘግቶ ወይም ሆርሞን አንሶ ሊሆን ይችላል። ባለቤትዎ ምርመራውን ደግመው ዩሮሎጂስት ያማክሩ። አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ከዘር ፍሬው የወጣ አንድ ዘር እንቁላል ውስጥ ገብቶ ጽንስ ይሆናል። እርስዎም ሳይዘገዩ የማህፀን ሐኪም ይዩ። ክሎኒንግ እንሠራለን ለሚል ግን ገንዘብዎን አይስጡ።