በግቢያችን ዛፍ ላይ ያለው የጭልፊት ጎጆ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዚህ እትም የመረጥነው የጥናት ክፍል ዘዳግም 22፥6-7 ነው። ክፍሉ አጭር ስለሆነ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው እናልፈዋለን። በመንገድ ሲሄድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው፣ ጎጆው በዛፍም ይሁን በመሬት ላይ፣ እናቲቱን ከጫጩቶችዋ ወይም ከዕንቁላልዋ ጋር አንድ ላይ እንዳይወስድ የሚከለክል ሕግ ነው። ይህን ክፍል ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በደብራችን ግቢ፣ ከቤተልሔሙ ጀርባ በቆመው ትልቅ ጽድ ላይ ሁለት ጭልፊቶች ጎጆ ሠርተዋል። ጎጆው ያረፈበት ቅርንጫፍ ደግሞ ወደ ቤተልሔሙ ጣሪያ ያዘነበለ በመሆኑ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ነገሩ በጉባኤያችን ሁለት እሑድ አከራክሯል፤ እኛም ያየነውንና ያነበብነውን እዚህ ላይ ጽፈናል።

በመጀመሪያ ስለ ወፉ ማንነት። ከታናናሾቻችን አንዳንዶቹ «በቤተ ክርስቲያናችን ንስር ገባ» ብለው ሰፈሩን አዳርሰዋል። ንስር ግን አይደለም። ሰው አንዳንዱ ጭልፊት፣ አንዳንዱ ጭላት፣ ብዙው ደግሞ በደፈናው አሞራ የሚለው፣ በቂርቆስና በካዛንችስ ሰማይ ላይ ከጧት እስከ ማታ ሲያንዣብብ የምናየው ቡናማ ወፍ ነው። ምልክቱ ጅራቱ ነው፤ እንደ ዓሣ ጅራት መካከሉ ገባ ያለ መንታ ነው፤ ሲዞርም እንደ መሪ ወዲያና ወዲህ ያጥፈዋል። የዐዋቂው መንቁር ቢጫ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ ክብደቱ ግን አንድ ኪሎ እንኳ እምብዛም አይሞላም። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ጥቁር መንቁር ያላቸው ዘመዶቹ ይቀላቀሉታል፤ መጋቢት ገደማም ይመለሳሉ። ኤርምያስ በ8፥7 ላይ ወፎች የመምጫቸውን ጊዜ እንደሚያውቁ ሲናገር ይህን የመሰለውን ነገር አይቶ ነው።

ንስር ማየት ለሚፈልግ አገራችን ድኻ አይደለችም። በፊልምና በገንዘብ ላይ የሚታየው ራሱ ነጭ የሆነው የአሜሪካ ንስር የቅርብ ዘመድ በዝዋይ፣ በላንጋኖና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር አለ፤ እርሱም ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጁ ንስር ነው። የአሜሪካው ንስር ታሪክ ለዛሬው ትምህርታችን ይጠቅማል። ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መድኃኒት ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ እየገባ በዓሣው አካል ተጠራቀመ፤ ዓሣውን የበላችው ንስር የምትጥለው ዕንቁላል ቅርፊቱ ሳሳ፤ እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ከአላስካ በቀር በሰሜን አሜሪካው አገር ሁሉ የተቆጠሩት ጎጆ ያላቸው ጥንዶች 500 አይሞሉም ነበር። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ከታገደ በኋላ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ በ2007 ዓ.ም. ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ወጡ። ዛሬ በትልልቅ ከተሞቻቸው አጠገብ ጎጆ ሲሠሩ ሰዎች ቆመው ያዩዋቸዋል። ዲዲቲ በእኛም አገር ለወባ መከላከያ ለብዙ ዓመታት ተረጭቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናትም በዝዋይ ሐይቅ ወፎች አካል ውስጥ ትራፊው መገኘቱን ገልጿል። እናት ልጅዋን ለማሞቅ በተቀመጠችበት ልጅዋን የምትሰብርበት ነገር፣ እርስዋ ሳታጠፋ በሰው እጅ የመጣባት መሆኑን ልብ በሉ።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። ጎጆውን የምናየው ከአዳራሹ በረንዳ ጥግ ሆነን ነው፤ አንድ አባል ባመጣው የሩቅ ማያ መነጽር በየተራ እናያለን፤ ያየነውንም በአንድ ደብተር እንጽፋለን። ዛፉ ላይ ማንም እንዳይወጣ ከመጀመሪያው ቀን ተስማምተናል። ጎጆው ከዝናቡ ወራት በኋላ፣ በበጋው ነው የተሠራው። ሁለቱም ጭራሮ ያመጡ ነበር። ውስጡን ያነጠፉት ግን በሰፈሩ ዕቃ ነው፦ የጨርቅ ቁራጭ፣ ገመድ፣ ለበዓል ከተሰቀለው ባለ ሦስት ቀለም ወረቀት የተገነጠለ፣ ብዙ ፌስታል፣ አንድም የሕፃን የእግር ሹራብ። (የሹራቡ ባለቤት ካለ ጎጆው ሲለቀቅ መጠየቅ ይችላል።) ፌስታሉን እኛ እንደ ቆሻሻ ቆጥረነው ነበር። በስፔን አገር በዶኛና የጥቁር ጭልፊቶችን ጎጆ ያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ግን ነጭ ፕላስቲክ አብዝተው የሚያነጥፉት ጠንካሮቹ ጥንዶች መሆናቸውን፣ ሌሎች ጭልፊቶችም ያን አይተው ወደዚያ ጎጆ መድፈርን እንደሚተዉ አረጋግጠዋል። እንደ ባላገር አጥር ማለት ነው።

ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፤ መልካቸው አንድ ነው፤ ሴቷ በጥቂቱ ትበልጣለች። ዕንቁላሉን አብዝታ የምትታቀፈው እርስዋ ናት። ወንዱ ምግብ ይዞ ሲመጣ ቀጭን እየተንቀጠቀጠ የሚወርድ ፉጨት ያሰማል፤ እርስዋ ተነሥታ በሚቀጥለው ቅርንጫፍ ላይ ትበላለች፤ እርሱ ያን ጊዜ ጎጆው ላይ ይቆማል ወይም ጥቂት ይታቀፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ዝናብ ከበረዶ ጋር ጣለ። ሁላችንም ወደ አዳራሹ ሮጠን ገባን። ከመስኮቱ ስናይ ክንፎችዋን በሁለት ወገን ዘርግታ፣ ራስዋን ቀብራ፣ በረዶው ጀርባዋን ሲመታት አልተነቃነቀችም። ከዚያ ቀን በኋላ በደብተሩ ላይ የሚጽፉት አባሎቻችን ቁጥር ጨመረ።

አንድ ወር ያህል ከታቀፈች በኋላ ወንዱ የሚያመጣው ምግብ በረከተ፤ እናቲቱም ራስዋን ወደ ጎጆው ዝቅ አድርጋ በጥቂት በጥቂቱ እየቦጨቀች ስትሰጥ አየን። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ነጫጭ ራሶች ብቅ አሉ። የምትሰጠው ብጫቂ እጅግ ትንሽ ነው፤ ያ በመንገድ ላይ የሰው እጅ የሚቧጥጥ መንቁር እንዲህ ቀስ ብሎ መስጠት ይችላል ብለን አልጠበቅንም ነበር።

የክርክሩ መነሻም ይኸው የመንገዱ ጠባይዋ ነው። ከልኳንዳ ሥጋ ገዝቶ በስስ ፌስታል አንጠልጥሎ የሄደና ያልተነጠቀ የሰፈራችን ሰው ጥቂት ነው። ጫጩት የሚያረቡ እናቶችም በቂ ቂም አላቸው። በጉባኤው ላይ አንድ ወንድማችን «ሌባ ወፍ ነው፤ በዚያም ላይ በዘሌዋውያን 11 ርኩሳን ከተባሉት አንዱ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ጭልፊት በዚያ ምዕራፍ በእርግጥ ተቆጥሯል። ነገር ግን ምዕራፉ የሚናገረው ስለ መብል ነው። እስራኤል ይህን ወፍ እንዳይበላ ታዘዘ እንጂ እንዲያጠፋው አልታዘዘም። በዚያው ዝርዝር ንስርም አለ፤ ከአርባዕቱ እንስሳ አንዱ ግን ገጸ ንስር ነው፤ ወንጌላዊው ዮሐንስም በንስር ይመሰላል። ለመብል የተከለከለው ወፍ በመንበሩ ዙሪያ ቦታ ካገኘ፣ በጽዱ ላይ ቦታ ቢያገኝ አያስደንቅም። የዘዳግሙ የጎጆ ሕግ ደግሞ በቃሉ ንጹሕና ርኩስ ብሎ አልለየም። ከሁሉ የሚያስደንቀው የተስፋው ቃል ነው፤ ይህን ሕግ ለሚጠብቅ መልካም እንዲሆንለትና ዕድሜው እንዲረዝም ተነግሮታል። ይኸው ተስፋ ከዐሠርቱ ትእዛዛት አባትና እናትን ለማክበር የተሰጠው ነው (ዘዳ 5፥16)። የሰውን ወላጅ ማክበርና የወፍን ወላጅ መተው በአንድ ተስፋ ታስረዋል።

እዚህ ላይ ከርእሳችን ብዙም ሳንርቅ አንድ ነገር መናገር እንወዳለን። ንስር 40 ዓመት ሲሆነው ወደ ተራራ ወጥቶ መንቁሩን በድንጋይ ሰብሮ፣ ጥፍሩንና ላባውን ነቅሎ፣ እንደ ገና አብቅሎ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል የሚለውን ትምህርት ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ በየጉባኤውም ደግመነዋል። ይህ እውነት አይደለም። መንቁሩ የተሰበረ ወፍ መብላት ስለማይችል በቀናት ውስጥ ይሞታል። ከጥንት ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስም ስለ ንስር መታደስ ይናገራል፤ የእርሱ ግን ስለ ጥምቀት የተነገረ ምሳሌ ነው፤ ምሳሌነቱም ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። በመዝሙር 102፥5 ላይ ያለውን የንስር መታደስ ለማስረዳት የፈጠራ ታሪክ አያስፈልገንም፤ የእኛዋ ጭልፊት ታስረዳለች። በምትታቀፍበት ወራት ስትበር ከግራ ክንፍዋ አንድ ላባ፣ ከቀኝም በዚያው ቦታ አንድ ላባ ጎድሎ አይተናል። ትልልቆቹ ላባዎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በተራ ይወድቃሉ፤ በምትኩ አዲስ ይበቅላል፤ ሚዛንዋ ስለማይዛባም መብረርዋን አታቋርጥም። አንዱ የወደቀ ላባ በሰንበት ት/ቤቱ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ይጠይቅ።

ለመሆኑ ይህ ወፍ ለከተማው ምን ይጠቅማል ለሚል፣ የሞተ አይጥና የተጣለ ሆድ ዕቃ የሚያነሣ መሆኑን እናስታውሳለን። በቄራ ሰማይ ላይ የሚዞሩትን ጥንብ አንሳዎችም አብረን እናንሣ። ሊቃውንት እንደሚሉት ንስር ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል ጥንብ አንሳንም ይጨምራል፤ በሚክያስ 1፥16 የራስ መላጣነት በዚህ ወፍ የተመሰለውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። በሕንድ አገር ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ፣ የሞተውን ከብት የበሉትን ጥንብ አንሳዎች በ15 ዓመት ገደማ ውስጥ ከመቶ ከ95 በላይ ፈጅቷቸዋል። በአፍሪካም በዋነኛነት በመርዝ ምክንያት፣ በከተማችን የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተቆጥሯል። ለአይጥ ወይም ለውሻ የተጣለ መርዝ በአይጡና በውሻው አያበቃም።

የዛፉም ነገር እንዲሁ ነው። ካዛንችስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው ድርጅት ስም ነው፤ በእነዚያ ግቢዎች የቆዩ ዛፎች ብዙ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ብዙው አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ የብዙ አባሎቻችን ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ጽዳችን በአካባቢው ከቀሩት ትልልቅ ዛፎች አንዱ ነው። አሁን በሁለት ታክሲ እየመጣች የምትማር አንዲት እኅታችን በክርክሩ ላይ የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር፦ «ይነሡ ከተባለም፣ ልጆቹ መብረር እስኪችሉ ይቆዩ።» ከዚያ በኋላ ወዲያው ይቆረጥ ብሎ የተናገረ አልነበረም።

ሐሳባችንን በጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤው አቅርበናል። አባቶችም ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ቅርንጫፉ እንዲቆይ፣ እስከዚያው የጣሪያው ቆርቆሮ ከሥር እንዲደገፍ ፈቅደዋል፤ የድጋፉን እንጨት የእኛ ወንድሞች ቅዳሜ ያቆማሉ። የጭልፊት ጫጩት ከተፈለፈለ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይበራል፤ የእኛዎቹ ይህ ጽሑፍ ሲባዛ 5ኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል፤ ትልቁ በጎጆው ጠርዝ ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ነው። የቀረው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ጭልፊቶች ብዙ ጊዜ በየዓመቱ ወደዚያው ጎጆ ይመለሳሉና፣ ቅርንጫፉ ባዶ ሲሆን ይቆረጥ ወይስ ጣሪያው ይስተካከል? በሚመጣው እሑድ ከትምህርት በኋላ እንነጋገርበታለን። የምትመጡ ሁሉ ዘዳግም 22ን አንብባችሁ ኑ፤ የአናጢ ሙያ ያላችሁም ሜትር ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።