በሣጥን የተገኘ አሮጌ የወረቀት ብር፤ ምንነቱና ዋጋው

ከአያት ሣጥን፣ ከዳዊት ገጽ መካከል ወይም ከመሬት ውል ጋር ተጠቅልሎ አሮጌ የወረቀት ብር የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። በተገኘም ጊዜ ቤተ ሰቡ ወይ «ሀብታም ሆንን» ብሎ ይደሰታል፤ ወይም «የማይሠራ ወረቀት ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ሳያነቡ መፍረድ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ እንዴት እንደሚነበብ በአጭሩ እናስረዳለን።

አስቀድመን ጠገራ ብርንና ወረቀትን እንለይ። 1780 የሚል ዓመት ያለበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ሲመዝን ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር አለው። መንግሥት ቢለወጥም ብሩ ብር ነው። የወረቀት ገንዘብ ግን ቃል ኪዳን ነው። ቃል የገባው ሲፈርስ ወይም ሕግ ሲሽረው ገንዘብነቱ ያበቃል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ብር ይላል?» ሳይሆን «ቃል የገባው ማን ነው?» የሚል ነው።

፩ኛ፤ ያወጣው ማን ነው?

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በአገራችን የመጀመሪያዎቹን ኖቶች ያወጣ ነው። ዛሬ በዚሁ ስም የሚጠራው የግል ባንክ ሌላ ነው። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከኖቶቹ አንዱ በ1925 የወጣው፣ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን ሥዕል ያለበት ባለ 2 ብር ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ሊሬ ገባ። «አፍሪካ ኦሪየንታሌ ኢታሊያና» የሚል ጽሑፍ በላቲን ፊደል የታተመበት ሊሬ ለዚህ ግዛት ተለይቶ የወጣ ነው፤ ይህ የሌለበት የኢጣልያ አገር ተራ ኖት ነው። ከነጻነት በኋላ ጥቂት ዓመታት የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ ሠራ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ከ1 እስከ 500 ብር ያሉ ኖቶችን አወጣ። የብሔራዊ ባንክ ስም በኖት ላይ የመጣው ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

አንድ ቀላል ምልክት እንጨምር። በንጉሡ ዘመን ከ1937 ጀምሮ የወጣው ኖት በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ ግን «ዶላር» ይላል። በ1969 ዓ.ም. በወጣው ላይ እንግሊዝኛውም «ብር» ሆነ፤ የንጉሡም ሥዕል ቀረ።

፪ኛ፤ መቼ ታተመ?

የተጻፈ ዓመት ሁልጊዜ የታተመበት ዓመት አይደለም። የ1937ቱ ኖቶች ዓመት የላቸውም፤ 1969 የሚል ጽሑፍ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በታተሙ ኖቶች ላይ ተደጋግሟል። ዘመኑን የሚለየው የገዥው ፊርማ ነው። ለምሳሌ የመንግሥት ባንክ የመጀመሪያ ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ስለ ነበሩ፣ ፊርማቸው ያለበት ኖት ከቀደሙት እትሞች ነው። ፊርማውንና ተራ ቁጥሩን በማስታወሻ ጻፉ።

፫ኛ፤ እውነተኛ ነውን?

በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። የድሮ ኖት ሥዕል በብረት ሰሌዳ ተቀርጾ ስለሚታተም የተሳለ መሥመር ይታያል፤ በጣትም ሲዳሰስ ሻከር ይላል። ሥዕሉ ሁሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ከሆነ ቅጂ መሆኑን ጠርጥሩ።

፬ኛ፤ ይዞታው እንዴት ነው?

ዋጋን ከሁሉ ይልቅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ይህ ነው። ያልታጠፈ ኖት ከታጠፈው፣ የታጠፈው ከተቀደደው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አትጠቡት፤ አትተኩሱት፤ በፕላስተር አትለጥፉት። ለማሳመር ሲባል የሚደረገው ሁሉ ዋጋውን ይገድላል። በንጹሕ ወረቀት መካከል ዘርግታችሁ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክም አርቁት፤ ወረቀቱን ያበላሻልና።

፭ኛ፤ ዋጋው ስንት ነው?

እርጅና ብቻውን ዋጋ አይሰጥም። ዋጋ የሚመጣው ጥቂት ቀርቶ ብዙ ፈላጊ ሲኖረው ነው። ባለ 1 ብሩ በብዛት ስለ ታተመ በየቤቱ ይገኛል፤ ባለ 500 ብሩ ግን በጥቂት ሰው እጅ ብቻ ስለ ገባ ብርቅ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተለወጡት የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች የመለወጫ ጊዜያቸው 3 ወር ነበር። ከዚያ በኋላ በትራስ ውስጥ የተገኘ ቁልል ገንዘብ መሆኑ ቀርቷል፤ እንደ ቅርስ እንዳይሸጥም ብዛቱ ያግደዋል።

ሰብሳቢዎች ኖትን የሚጠሩት ጀርመናዊው አልበርት ፒክ በጀመሩት መዝገብ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ካወቃችሁ በኋላ መሰሉ በጨረታ የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጉ። ሻጭ የጠራው ዋጋ ምኞት ነው፤ ገዢ የከፈለው ግን ማስረጃ ነው። ደጃፍ ድረስ መጥቶ «ዛሬውኑ ካልሸጣችሁልኝ» ለሚል ሰው አትቸኩሉ። ወራሾች ብዙ ከሆኑም ሁሉም ቁጥሩንና ዋጋውን ይወቁ፤ በአንድ ወረቀት ወንድማማች መካሰስ የለበትም።

በመጨረሻም፣ አብዛኛው ኖት ሀብታም አያደርገንም። ነገር ግን ማን እንዳስቀመጠው፣ ከምን ሽያጭ እንዳገኘውና ለምን ሳይለውጠው እንደ ቀረ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና በቤታችን አሉ። የባንኩ ቃል ኪዳን ቢሻርም የእነርሱ ቃል ሊጻፍ ይችላል። በመጪው ዕረፍት አገር ቤት ስንገባ ሣጥኑን ከመክፈታችን በፊት ደብተርና እርሳስ እንያዝ።