ደም የማይታይበት ቍስል

ሰው እግሩ ቢሰበር ወጌሻ ይጠራለታል፤ መንፈሱ በድንጋጤ ቢቈስል ግን «እርሳው» ይባላል። እኔም ይህን ምክር ለሰው ሰጥቻለሁ፤ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሳነብ ነው።

በዚያ ጦርነት አካላቸው ደኅና የሆነ ወታደሮች ከምሽግ ተመልሰው ይንቀጠቀጡ፥ አንደበታቸው ይዘጋ፥ ሌሊት እየጮኹ ይነቁ ነበር። እንግሊዛዊው ዶክተር ቻርልስ ማየርስ በ1915 እ.ኤ.አ. «የመድፍ ድንጋጤ» በሚል ስም ስለዚሁ ሕመም ጻፉ። ብዙ አዛዦች ግን ነገሩን ፈሪነት አሉት። ከግንባር ኮብልለሃል፥ ፈርተሃል በመሳሰለው ክስ በእንግሊዝ ጦር ፍርድ ከተረሸኑት መካከል ይኸው ሕመም የነበረባቸው ይገኛሉ። ለ306ቱ ምሕረት የተደረገው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለሟቹ ዘገየ፥ ስሙን ለተሸከሙት ልጆቹ ግን ቀላል ነገር አይደለም።

በኤዲንብራ ከተማ በክሬግሎክሃርት ሆስፒታል የሠሩት ዶክተር ሪቨርስ ግን ሕመምተኛውን «ከልብህ አውጣው» አላሉትም። ሌት ተቀን እንዲያሰላስለውም አልፈለጉም፤ እያዳመጡ፥ በሚችለው መጠን ያየውን እንዲናገር ረዱት።

ዛሬ ይህ ነገር የመጀመሪያ ዲግሪ ለጨረሱ ሰዎች በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ለረዳቶች ባወጣው መመሪያም ተጎጂውን ማዳመጥና ከሚረዱት ሰዎች ጋር ማገናኘት ታዟል፤ ሳይፈልግ «ንገረኝ» ብሎ ማስጨነቅ ግን ተከልክሏል። መቼም ለቅሶ ቤት ገብታ ዝም ብላ ከሐዘንተኛዋ አጠገብ የምትቀመጥ ጎረቤት ይህ አዲስ ነገር አይሆንባትም።